የራስ ቁርና የደንብ አንቀጽ፤ በበረዶ ሆኪ ሜዳ የደረሰ የልጆች ጉዳት ታሪክ

የበረዶ ሆኪን በዓይኑ ላላየ ሰው ጨዋታውን ከኢትዮጵያ የገና ጨዋታ ጋር ማነጻጸር ይቀላል። ቆልማማ ዱላ አለ፤ በእሩር ፈንታም ከጠጣር ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ አለ። ይሁን እንጂ የገና ተጫዋች በሰፊ መስክ ላይ ስለሚሮጥ ገፊ ሲመጣበት መሸሻ አያጣም። የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ግን ስለት በተገጠመለት ጫማ እየተንሸራተተ በሩጫ ከሚገኘው እጅግ በሚበልጥ ፍጥነት ይጓዛል፤ ሜዳውም ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ ነው። ከዚህ በታች የሚተረከው የጉዳት ታሪክ አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ግድግዳ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በጣራ ሥር የተደረገው የመጀመሪያው በደንብ የተመዘገበ ግጥሚያ በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ማርች 3 ቀን 1875 ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰማንያ ዓመት ያህል ተጫዋቾች ያለ ራስ ቁርና ያለ ፊት መከለያ ሲጫወቱ ኖሩ፤ የወለቀ ጥርስና የተሰፋ ግንባርም እንደ ሜዳሊያ ይቆጠር ነበር። የሞንትሪያሉ በረኛ ዣክ ፕላንት ኖቬምበር 1 ቀን 1959 በኒውዮርክ ፊቱን በተመታ ጊዜ፣ ቁስሉ ከተሰፋለት በኋላ ጭምብል ካላደረግሁ ወደ ሜዳ አልመለስም አለ። አሠልጣኙ ጭምብሉን አጥብቆ ይቃወም ነበርና የፈቀደለት ሌላ በረኛ ስላልነበረው ብቻ ነው። በጃንዋሪ 1968 ደግሞ ቢል ማስተርተን የተባለው የሚኒሶታ ተጫዋች ያለ ራስ ቁር በበረዶው ላይ ወድቆ በሁለተኛው ቀን ሞተ። እንዲህም ሆኖ ታላቁ የሰሜን አሜሪካ ሊግ የራስ ቁርን ግዴታ ያደረገው በ1979 ሲሆን፣ ያውም ከዚያ በኋላ ለሚፈርሙ አዳዲስ ተጫዋቾች ብቻ ነበር። ልጆች የሚመለከቱትና የሚከተሉት እነዚህን ሰዎች መሆኑን ማንም አልሳተውም፤ ሆኖም ለልጆቹ የተሻለ ሥርዓት ያመጡት የሊጉ ባለቤቶች ሳይሆኑ ሐኪሞች ናቸው።

ከነዚህ ሐኪሞች ቀዳሚው የቶሮንቶው የዓይን ሐኪም ቶም ፓሽቢ ነው። ፓሽቢ የሙያ ባልደረቦቹን በማስተባበር በሆኪ ሜዳ የተጎዳ ዓይን ሁሉ እንዲመዘገብ አደረገ። በ1974–75 የውድድር ወቅት ብቻ በመላው ካናዳ ከ250 በላይ የዓይን ጉዳት ሲመዘገብ፣ ከ30 በላይ የሚሆኑት ዓይኖች በሕግ አነጋገር ታውረዋል። አብዛኞቹ የዱላ ወይም የጎማው ክብ ሰለባዎች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ገና ልጆች ነበሩ። የአገሪቱ የደረጃዎች ድርጅት ለፊት መከለያ መለኪያ አወጣ፤ የአማተር ማኅበሩም በ1970ዎቹ መጨረሻ ለልጆች ግዴታ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት በፓሽቢ መዝገብ ውስጥ ሙሉ መከለያ ለብሶ ዓይኑ የታወረ ተጫዋች አልተገኘም። በሕክምና ታሪክ ውስጥ አንድ የሽቦ መረብ ይህን ያህል የሠራበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሌላው የቶሮንቶ ሐኪም፣ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሊቁ ቻርልስ ቴተር፣ አንገታቸው ተሰብሮ እጅና እግራቸው የሰለለ ወጣት ተጫዋቾች ወደ ሆስፒታል መምጣት መብዛታቸውን አስተዋለ። ቀድሞ እምብዛም የማይታይ ጉዳት ነበር። የአደጋው መልክም አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳለ ከኋላው ይገፋል፤ አንገቱን ጎንበስ ባደረገበት ቅጽበት አናቱ ከግድግዳው ጋር ይላተማል፤ የግጭቱ ኃይል ቀጥ ባለው የአንገት አጥንት ላይ ያርፋል። የራስ ቁሩ የራስ ቅልን ጠበቀ እንጂ ለአንገት አልተሠራም ነበር። አንዳንዶች ልጆቹ ፊታቸው በመሸፈኑ የማይደፈሩ መስሏቸው ጨዋታውን ይበልጥ ጨካኝ አደረጉት ብለው ተከራከሩ። ይህ ክርክር እስከ መጨረሻው እልባት ያገኘ ባይሆንም፣ መፍትሔው መሣሪያ ሳይሆን ደንብ መሆኑ ግን ግልጽ ሆነ። የካናዳ የአማተር ማኅበር በ1985 ከኋላ መግጨትን የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ በኋላም ሙሉ በሙሉ ሽባ የሚያደርገው ጉዳት እየቀነሰ ሄደ።

ከሁሉ የረዘመው ክርክር ከፊት ለፊት የሚደረገውንና በደንብ የተፈቀደውን ግጭት የሚመለከት ነው። ልጅ መጋጨትን በጊዜ ካልተማረ ሲያድግ ይጎዳል የሚለው የአሠልጣኞች አስተያየት እንደ እውነት ተይዞ ቆይቷል። አጋጣሚ ግን ለተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ሊዘጋጅ የማይችል ፈተና ሰጣቸው። የኩቤክ ክፍለ ሀገር በ11 እና በ12 ዓመት ልጆች ላይ ግጭትን ሲከለክል፣ የአልበርታ ክፍለ ሀገር ይፈቅድ ነበር። በ2007–08 የውድድር ወቅት በካሮሊን ኤመሪ የሚመራው የካልጋሪ ቡድን በሁለቱ ክፍለ ሀገሮች 2,154 ልጆችን ተከታተለ። ውጤቱም በ2010 ታተመ። የተጫዋቾቹ ቁጥር ሊተካከል ምንም ባልቀረው፣ በአልበርታ 241 ጉዳት ሲደርስ በኩቤክ የደረሰው 91 ነበር። የአንጎል መናወጥ በአልበርታ 78፣ በኩቤክ 23 ሆነ። የዩናይትድ ስቴትስ ማኅበር በ2011፣ የካናዳው በ2013 በዚህ ዕድሜ ግጭትን ከለከሉ። ከክልከላው በኋላ በአልበርታ በተደረገው ክትትል የጉዳቱ መጠን በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

የልጃገረዶች ታሪክ ከዚህ ጎን ለብቻው ይሄዳል። በ1950ዎቹ አጋማሽ አቢ ሆፍማን የተባለች የቶሮንቶ ልጅ ጸጉሯን አሳጥራ ከወንዶች ጋር አንድ የውድድር ወቅት ተጫወተች፤ ከምርጦቹ ተርታ ተመድባ የልደት ወረቀቷ እስኪታይ ድረስ ማንም አልጠረጠራትም። በኋላ በ800 ሜትር ሩጫ ለኦሊምፒክ የበቃችው እርሷ ናት። በኦታዋ በ1990 የተደረገው የመጀመሪያው የዓለም የሴቶች ሻምፒዮና ግጭትን የፈቀደ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ግን ከሴቶች ጨዋታ ተወገደ። ስለዚህ የሴቶቹ ሜዳ ከአደጋ የራቀ ይሆናል ተብሎ ተጠበቀ። ሆኖም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 2004 በተሰበሰበው መዝገብ፣ ከተመረመሩት 15 ስፖርቶች ከፍተኛው የአንጎል መናወጥ መጠን የታየው በሴቶች የበረዶ ሆኪ ነው። አንዳንዶች የአንገት ጡንቻን ጥንካሬ፣ ሌሎች ሴቶች ሕመማቸውን ሳይደብቁ መናገራቸውን፣ ሌሎችም ያልተጠበቀ ግጭት ከተጠበቀው ይልቅ መጉዳቱን በምክንያትነት ያቀርባሉ። ግጭቱ ቢከለከልም በረዶው፣ ፍጥነቱና ግድግዳው በቦታቸው ናቸው፤ ከሌላ ተጫዋች ጋር ሳይታሰብ መላተምም በየትኛውም የደንብ አንቀጽ የሚቀር ነገር ሆኖ አልተገኘም።