ጆሮው የማን ነው? ስለ ራስ የሚባለውን የማዳመጥ ጥበብ ከመቀስ እስከ ዳሽቦርድ

እረኛ ምን አለ? በቀድሞው ዘመን ነገሥታቱና መኳንንቱ የአገሩን ልብ ለማወቅ ሲሹ ይህን ይጠይቁ እንደነበር ሲነገር ኖሯል። ሸንጎ ላይ የማይደፈረው ቃል በእረኛ እንጉርጉሮ፣ በአዝማሪ ስንኝ፣ በለቅሶ ሙሾ ይወጣ ነበርና። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉም ኋላ ነው፤ ሥልጣን ሲጨመርበት ጭራሽ ላይሰማም ይችላል። ዛሬ ኩባንያዎች፣ ፖለቲከኞች፣ ድምፃውያንና መሥሪያ ቤቶች በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ እነሱ የሚባለውን የሚለቅም፣ የሚቆጥርና መልስ የሚያስተዳድር መሣሪያ የሚገዙት ያንኑ የቆየ ጥያቄ ይዘው ነው። በመካከሉ ግን ጆሮው ባለቤት እየቀያየረ መጥቷል። ዳሰሳዬ የሚከተለው ይህን ቅይይር ነው። ዓመቶቹም ወራቱም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማዳመጥ ንግድ የሆነው በጋዜጣ ዘመን ነው። በ1879 አልፍሬድ ሼሪዬ የተባለ ሰው ፓሪስ ላይ አርጉስ ደ ላ ፕሬስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ተዋንያንና ሠዓሊዎች ስለ ሥራቸው ምን እንደተጻፈ ለማወቅ ጋዜጣውን ሁሉ እየገዙ ማገላበጥ ሰልችቷቸው ነበር። በ1881 ሄንሪ ሮማይኬ ለንደን ላይ ተመሳሳይ ቢሮ ከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። በ1888 ደግሞ ፍራንክ ቡሬል እዚያው ኒው ዮርክ የራሱን ጀመረ።

የእነዚህ ቢሮዎች አሠራር ቀረብ ብሎ መታየት ይገባዋል። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ የተቀመጡ አንባቢዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በየቀኑ የጋዜጣ ክምር ይቀርብላቸዋል። የደንበኞችን ስምና የሚፈልጉትን ጉዳይ በቃላቸው ይዘዋል። ዓይናቸው ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ሲወርድ የተፈለገው ስም ጋ ይቆማል፤ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። ሌላ ሠራተኛ በመቀስ ይቆርጠዋል፤ የጋዜጣው ስምና ቀኑ በሰፈረበት ወረቀት ላይ ይለጠፍና በፖስታ ይላካል። ደንበኛው የሚከፍለው በቁራጭ ብዛት ነው። ሥራው አድካሚ፣ ክፍያውም ለአንባቢዋ እዚህ ግባ የማይባል ነበር። ቢሆንም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ጽሑፉን በትክክል ያነበበ ሰው አለ። ስሙ የተጠራው በምስጋና ይሁን በሽሙጥ አንባቢዋ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ፍጥነትን ሲያተርፉ መጀመሪያ የከሰሩት ይህን ዕውቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሬዲዮ ሲስፋፋ መንግሥታትም ወደ ሥራው ገቡ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳበት በ1939 ቢቢሲ የውጭ አገር ስርጭቶችን የሚከታተል ክፍል አቋቋመ። ይህ ክፍል በኋላ ዘመን ከአዲስ አበባ በአማርኛ የሚተላለፈውንም ዜና እያስተረጎመ በማጠቃለያ መልክ ያወጣ ነበር። አማርኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው እንግዲህ በሌሎች ተደማጭ ሆኖ ነው።

ኢንተርኔት ሲመጣ መቀሱ ቀረ። ጉግል በ2003 ባስጀመረው የማንቂያ አገልግሎት አንድ ሰው ስሙን መዝግቦ፣ ድር ላይ በተጠቀሰ ቁጥር ኢሜይል እንዲደርሰው ማድረግ ቻለ። ያውም በነፃ። ኩባንያዎችን ያስደነገጠው ግን ሌላ ነገር ነው። በ2005 ጄፍ ጃርቪስ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በገዛው የዴል ላፕቶፕና በኩባንያው የጥገና አገልግሎት ላይ ያለውን ምሬት ድረ ገጹ ላይ ሲጽፍ፣ ተመሳሳይ በደል የደረሰባቸው ሰዎች ተከትለው ጎረፉ። በ2009 ደግሞ ካናዳዊው ሙዚቀኛ ዴቭ ካሮል በዩናይትድ አየር መንገድ ሲጓዝ ጊታሩ ተሰብሮበት ካሣ ሲከለከል ዘፈን ሠርቶ ዩቲዩብ ላይ ለቀቀ፤ ሚሊዮኖች አዩት። ዴል ትምህርቱን ወስዶ በ2010 መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ በስክሪን የተሞላ የማዳመጫ ማዕከል ከፈተ።

ገበያው በዚህ ድንጋጤ ላይ ቆመ። በካናዳዋ ፍሬድሪክተን ከተማ በ2006 የተመሠረተው ራዲያን6 በ2011 ለሴልስፎርስ በ326 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። በ2008 ቫንኩቨር ላይ ሁትስዊት፣ ለንደን ላይ ትዊትዴክ ተወለዱ። ትዊትዴክ ስክሪኑን በዓምድ በዓምድ ይከፍለዋል፤ በአንዱ ስምህ የተጠቀሰበት፣ በሌላው የተፎካካሪህ ስም፣ በሦስተኛው አንድ ሃሽታግ ይወርዳል። ሁትስዊት በበኩሉ ብዙ አካውንቶችን ከአንድ ቦታ ለማስተዳደር፣ ፖስትን ለነገ ጠዋት ቀጥሮ ለማስቀመጥ፣ የደንበኛን ቅሬታ ለባልደረባ መርቶ መልስ ለማሰጠት አመቸ። ለአንዲት ትንሽ ሱቅ ባለቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጆሮ የነበረው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ያለው ድርጅት ብቻ ነበርና።

ማዳመጡ ወደ ቆጠራ፣ ቆጠራው ወደ ነጥብ ሲወርድ ነገሩ ተበላሸ። በ2008 የተጀመረው ክላውት ለእያንዳንዱ ሰው የተሰሚነት ነጥብ ከ1 እስከ 100 ይሰጥ ነበር። በዚህ ነጥብ ሥራ አመልካችን እስከ መመዘን የደረሱ ቀጣሪዎችም ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ በዋለበት ዕለት፣ ግንቦት 25 ቀን 2018 ክላውት ተዘጋ። አልቆጨኝም።

የሚያስቆጨው የሌሎቹ ዕጣ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ የሚኖሩት መድረኮቹ በሚከፍቱላቸው የመረጃ በር፣ በኤፒአይ ነው። በሩ ደግሞ መዘጋት ጀመረ። አንዳንዴ ምክንያቱ ተገቢ ነበር፤ በ2016 ጂኦፊዲያ የተባለው ኩባንያ የተቃውሞ ሰልፈኞችን ለመከታተል ለአሜሪካ ፖሊሶች አገልግሎት ይሸጥ እንደነበር የሲቪል መብት ተሟጋቾች ሲያጋልጡ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ትዊተር መረጃውን ከለከሉት። በ2018 የተጠቃሚዎች መረጃ ያለ ፈቃዳቸው የተወሰደበት የካምብሪጅ አናሊቲካ ቅሌት ሲወጣ ፌስቡክ በሩን የበለጠ አጠበበ። ከዚያ በኋላ ግን ጥበቃና ጥቅም ተቀላቀሉ። ትዊተር በ2011 የገዛውን ትዊትዴክ በ2023 ለከፋይ ብቻ አደረገው፤ በዚያው ዓመት ነፃው ኤፒአይም ቀረ። ፌስቡክ በ2016 የገዛውና ጋዜጠኞች የትኛው ፖስት እንደተዛመተ ያዩበት የነበረው ክራውድታንግል ነሐሴ 14 ቀን 2024 ተዘጋ። በምትኩ የመጣው የፌስቡክ ባለቤት የሜታ ይዘት ቤተ መጻሕፍት ለዩኒቨርሲቲና ለትርፍ ላልቆመ የምርምር ተቋም ብቻ፣ በማመልከቻ የሚከፈት ነው። አዲስ አበባ ላይ በግል ጋዜጣ የሚሠራ ሰው አይገባበትም።

እዚህ ላይ የእኛ ችግር ድርብ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በየፎንቱ የተጻፈ አማርኛ ለፈላጊ ማሽን ትርጉም የለሽ ምልክት ነበር። ከዚያ ወዲህም መሣሪያዎቹ የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ነው። አንድ የሞኒተሪንግ ባለሙያ “ኃይለ ሥላሴ” የሚለውን ስም ልፈልግ ቢል የመጀመሪያውን ፊደል ሰው በ“ሀ”፣ “ሃ”፣ “ሐ”፣ “ሓ”፣ “ኀ” ወይም “ኃ” ይጽፈዋል። “ሥ” ላይ “ስ”ን ጨምሩ፤ ሁለቱ ቃላት አንዳንዴ ተጣምረው እንደሚጻፉም አስቡ። 24 ፍለጋ ሆነ። “የ”፣ “ለ”፣ “በ”፣ “ከ” ፊቱ ላይ ሲለጠፉማ ቁጥሩ እየተባዛ ይሄዳል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው አማርኛ፣ ምስል ላይ የሰፈረው ጽሑፍ፣ በቲክቶክ ላይቭ የሚነገረው፣ በተዘጋ የቴሌግራም ግሩፕ የሚዘዋወረው በዚህ ፍለጋ አይያዝም። ሰምና ወርቁንማ ማን ፈቶት! ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የዕለት ሞኒተሪንግ ሪፖርት የሚያዘጋጁ ወጣቶች ስልካቸውን ወደ ታች እየገፉ ያነባሉ፣ ስክሪንሾት ያነሳሉ፣ ዎርድ ላይ ይለጥፋሉ። ከቡሬል አንባቢዎች የሚለያቸው መቀስ አለመያዛቸው ነው።

የመድረኩ ባለቤት ራሱ ካልሰማስ? በጥቅምት 2021 የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ስለ ፌስቡክ ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች። በቀጣዩ ወር የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2022 ናይሮቢ ውስጥ በሜታ ላይ በመሠረተው ክስ እንደተገለጸው፣ አባቱን በስምና በምስል ለጥቃት ያጋለጡ ፖስቶች ከግድያው በፊት ፌስቡክ ላይ ወጥተው ነበር፤ እሱም እንዲነሱ አመልክቶ ነበር። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። በአማርኛ ማዳመጥ የስምና የዝና ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዲታይ የማልፈቅደው በዚህ ምክንያት ነው።

መንግሥት ብቻ የሚይዘው ጆሮ የጂኦፊዲያን መንገድ ይከተላል ብዬ እሰጋለሁ፤ ኩባንያ ብቻ የሚይዘው ደግሞ ሲያሻው ይደፈናል። የአማርኛው ጆሮ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የዜና ክፍሎችና የሲቪክ ማኅበራት በጋራ የሚይዙት፣ ማን ምን እንደፈለገ የሚመዘገብበት መሆን አለበት። ከባዶ አይነሳም። የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ከነቅጥያቸው እየፈታ የሚተነትነው ሆርንሞርፎ የተባለው ፕሮግራም ተሠርቶ በነፃ ተቀምጧል፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣትም ለአንድ ጀማሪ ፕሮግራመር የሚያቅት አይደለም። ይፋ የቴሌግራም ቻናሎች የሚለጥፉትንና ስንት ሰው እንዳየው ዛሬም ማንም ማንበብ ይችላል። ሥራው ከእነዚህ ቻናሎች ሊጀመር ይችላል።