ብስኩት አውርዳ የሄደችው ሄሊኮፕተር

መጋቢት 18 ቀን 2003 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ 72 ሰዎች የታጨቁባት የላስቲክ ጀልባ ከትሪፖሊ ጠረፍ ተነሣች። ሊቢያ በጦርነት እየታመሰች፣ ጥቁር ሁሉ የጋዳፊ ቅጥረኛ እየተባለ የሚታደንበት ሰሞን ነበር። ከተሳፋሪዎቹ 47ቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የቀሩት ናይጄሪያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ጋናውያንና ሱዳናውያን። 20 ሴቶችና ሁለት ሕፃናት አብረው ነበሩ። መዳረሻቸው የጣሊያኗ ደሴት ላምፔዱዛ ናት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ በረታ፤ ነዳጁም እየተመናመነ ሄደ። በሳተላይት ስልክ ሮም ደወሉ። ያነሡት አባ ሙሴ ዘርአይ ነበሩ። ትውልዳቸው ከኤርትራ የሆነው እኚህ የካቶሊክ ካህን ስልክ ቁጥራቸው በሊቢያ እስር ቤቶች ግድግዳ ላይ ተጭሮ ይገኝ ነበር፤ ስደተኛው አንዱ ለሌላው እየሰጠ ያዳረሰው ነው። አባ ሙሴ ጊዜ ሳያጠፉ ለጣሊያን የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች አሳወቁ። እነሱም በሳተላይት ኩባንያው በኩል ጀልባዋ ያለችበትን ነጥብ አገኙት፤ ከትሪፖሊ 60 የባሕር ማይል ያህል ይርቃል። በአካባቢው ላሉ መርከቦች የአደጋ ጥሪ ተላለፈ። ጥሪው በየአራት ሰዓቱ ለዐሥር ቀናት ተደጋግሟል። «አልሰማንም» ለማለት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንገድ አልነበረም።

ከጥሪው በኋላ አንዲት ወታደራዊ ሄሊኮፕተር መጣችና በላያቸው አንዣበበች። ከሞት የተረፉት እንደሚሉት በጎኗ «አርሚ» ተብሎ ተጽፎባታል። ወታደሮቹ በገመድ ውኃና ብስኩት አወረዱላቸው፤ እንመለሳለን የሚል ምልክት በእጃቸው አሳይተው ሄዱ።

ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጀልባዋን የሚመራው ስደተኛ አዳኞች ደረሱልን ብሎ አመነ። መጥተው ሲያነሡን ስልክና ኮምፓስ በእጄ ካገኙ ደላላ ነህ ብለው ያስሩኛል ብሎ ሠጋ፤ ሁለቱንም ባሕር ውስጥ ጣላቸው። ሄሊኮፕተሯ አልተመለሰችም። ጨርሶ ባትመጣ ኖሮ ስልኩ በእጃቸው ይቀር ነበር። እንዲያ ቢሆን ይድኑ ነበር ብሎ መማል አይቻልም፤ ነገር ግን የግማሽ ቀን ስንቅ የሰጠች እጅ ሳታስበው የመጨረሻ መገናኛቸውን እንዳስጣለቻቸው መካድም አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንሳፈፍ ነው። ነዳጁ አለቀ። ያገኟቸው የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች አልረዷቸውም። ውኃ ሲያልቅ ሽንታቸውን ጠጡ፤ ከጓዛቸው ያገኙትን የጥርስ ሳሙናም ቀመሱ። ከሄሊኮፕተሯ ካገኙት ውኃ አንዱን ጠርሙስ ለሁለቱ ሕፃናት ለይተው አስቀመጡት። የሕፃናቱ ወላጆች ከሞቱ በኋላም ከዚያች ጠርሙስ እያንጠባጠቡ ያጠጧቸው ነበር። ሕፃናቱም አልተረፉም። አገር ቤት ዐቢይ ጾም ነበር፤ ከእነዚያ 47ቱ የስንቱ ቤተሰብ ላምፔዱዛ ገባልን እያለ ስልክ ይጠብቅ እንደነበር አስባለሁ።

በዐሥረኛው ቀን ገደማ አንድ ትልቅ የጦር መርከብ ቀረባቸው። የሞቱትን ሕፃናት ከፍ አድርገው አሳዩ፤ ባዶውን የነዳጅ ጀሪካን አሳዩ። የተረፉት እንደመሰከሩት ከመርከቡ ላይ የነበሩት ሰዎች በመነጽር ተመለከቷቸው፤ ፎቶም አነሷቸው። መርከቡ ግን መንገዱን ቀጠለ። ሚያዝያ 2 ቀን ማዕበሉ ጀልባዋን መልሶ እዚያው ሊቢያ፣ ዝሊጠን አጠገብ ጣላት። በሕይወት የነበሩት 11 ነበሩ። አንዷ ወዲያው፣ ሌላው በእስር ቤት ሞተ። ከ72ቱ የተረፉት ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

ስንቅ ሰጥቶ መሄድ በባሕር ላይ የተጀመረው በ2003 አይደለም። ሰኔ 2 ቀን 1980 ዓ.ም. ዱቡክ የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ሲጓዝ በደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ሞተሯ የቆመ የቬትናም ስደተኞች ጀልባ አገኘ። አዛዡ ካፒቴን አሌክሳንደር ባሊያን ምግብና ውኃ፣ ካርታም ጨምሮ ሰጣቸውና ሄደ። ሰዎቹ ከዚያ በኋላ 19 ቀን ተንሳፈፉ፤ የሞቱትን ሥጋ እስከ መብላት ደረሱ። የፊሊፒንስ ዓሣ አስጋሪዎች ሲያነሧቸው ከ110ሩ የቀሩት 52 ነበሩ። ባሊያን ጀልባዋ መጓዝ ትችላለች ብዬ ነው ሲል ተከራከረ። ነገሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ምግብ የሰጠ ሰው ግዴታዬን ተወጥቻለሁ ብሎ ለማመን ይቀርበዋልና። የባሕር ኃይሉ ፍርድ ቤት ግን በየካቲት 1981 ግዴታውን ባለመወጣት ጥፋተኛ አለው። ቅጣቱ የወቀሳ ደብዳቤ ነበር።

ሕጉ ቀድሞም አሻሚ አልነበረም። በ1903 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ የተፈረመው ስምምነት የመርከብ አዛዥ በራሱ መርከብና በተሳፋሪዎቹ ላይ ከባድ አደጋ እስካላመጣ ድረስ፣ በባሕር ላይ ለመጥፋት የተቃረበን ሰው ሁሉ፣ ጠላትም ቢሆን፣ እንዲረዳ ያዛል። ኋላ የመጡት ስምምነቶችም ይህንኑ አጸኑት። ችግሩ ያለው ከተነሡ በኋላ ነው፦ ወዴት ይወሰዱ? በነሐሴ 1993 የኖርዌዩ መርከብ ታምፓ 433 ሰዎች ከመስጠም አድኖ ወደ አውስትራሊያዋ ክሪስማስ ደሴት ሲያመራ፣ አውስትራሊያ አላስገባም አለች፤ ኮማንዶዎቿን ሰድዳም መርከቡን ያዘች።

ለዓሣ አስጋሪ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። በነሐሴ 1999 የቱኒዚያ ዓሣ አስጋሪዎች 44 ሰዎች አድነው ላምፔዱዛ ቢያደርሱ፣ ጣሊያን ሕገ ወጥ ስደተኛ አስገቡ ብላ አሰረቻቸው፤ ጀልባዎቻቸውንም ያዘች። ሁለቱ ካፒቴኖች በይግባኝ ነጻ እስኪባሉ አራት ዓመት ፈጀ። ጀልባው የቤተሰቡ እንጀራ ለሆነ ሰው ይህ እውነተኛ ጭንቅ ነው፤ በ2003 ፊታቸውን ያዞሩትን አስጋሪዎች እወቅሳለሁ፣ ነገር ግን የፈሩት ምን እንደሆነ ይገባኛል። ባለ ሄሊኮፕተሮቹና ባለ ጦር መርከቦቹ ግን ምን ይጎድልባቸው ነበር? ጀልባቸውን የሚወርስ፣ ወህኒ የሚያወርዳቸው አልነበረም። የእነሱን ጭንቅ ብሎ መጥራት ይከብደኛል፤ የሰዎቹን ሸክም ማን ይረከበኛል የሚል ስሌት ነው የሚመስለኝ።

የአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤ የ2003ቷን ጀልባ ጉዳይ እንዲመረምሩ የኔዘርላንዷን ቲነካ ስትሪክን መደበ። ሪፖርታቸው በ2004 ወጣ፤ ብዙ ተቋማት በየደረጃው ግዴታቸውን እንዳልተወጡ ዘረዘረ። ቻርልስ ሄለርና ሎሬንዞ ፔዛኒ የተባሉ ተመራማሪዎችም የነፋሱንና የሞገዱን መረጃ ይዘው ጀልባዋ በየዕለቱ የት እንደነበረች በካርታ ላይ ነደፉ። ስትሪክ በሊቢያው ጦርነት የተሳተፉትን መንግሥታትና ኔቶን የሄሊኮፕተሯንና የመርከቡን ማንነት ጠየቁ። የእኔ ነው ያለ አልተገኘም። ከተረፉት መካከል አንዳንዶቹ ከሊቢያ እስር ቤት እንደወጡ ዳግመኛ ባሕር ገቡ፤ አውሮፓ ከደረሱት ውስጥም በጠበቆች አማካይነት ፈረንሳይን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ክስ ያቀረቡ አሉ። ባሊያን ቢያንስ በስሙ ተጠርቶ ችሎት ፊት ቆሟል። ለ63ቱ ሞት ግን እስከ ዛሬ የተፈረደበት መኮንን የለም።