ዳግመኛ ለመዋጥ፦ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ያልቻለ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የሕክምና ታሪክ



የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሰውን ከማዕድ የሚያርቀው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ቆጮና ሥጋ አልወርድ ይላል፤ ቀጥሎ የቡላ ገንፎ፤ በመጨረሻም ውኃና የገዛ ምራቅ። መጀመሪያ ላይ እምብዛም ስለማያም፣ ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ከማይቻልበት ደረጃ ላይ ነው። ታዲያ ማዳን ካልተቻለ ሕክምና አበቃ ማለት ነውን? የዛሬው ንግግሬ «አላበቃም» ያሉ ሐኪሞች ታሪክ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1880ዎቹ የለንደኑ ሐኪም ቻርተርስ ሲሞንድስ በጠበበው ስፍራ አጭር ቱቦ አስገብቶ፣ ወደ ታች እንዳይንሸራተት በሐር ክር ከውጭ አሰረው። በ1924 ሄንሪ ሱታር ከተጠማዘዘ ሽቦ የተሠራ ቱቦ አቀረበ። በ1959 ሴሌስቲን ያስተዋወቀው የፕላስቲክ ቱቦ ግን ሆድ ተከፍቶ ወደ ታች እንዲጎተት ይጠይቅ ነበር። ከባድ ቀዶ ሕክምና የማይችል በሽተኛ፣ ለመዋጥ ሲል እንደገና በቀዶ ሕክምና ማለፍ ነበረበት ማለት ነው።

ይህን የለወጠው ራሱን የሚከፍት የብረት መረብ፣ ማለትም ስቴንት ነው። ተጨምቆ በአፍ በኩል ይገባል፤ ዕጢው ካለበት ሲደርስ ተለቆ ይሰፋል። በ1993 በ42 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ሲታተም፣ ብረቱም ፕላስቲኩም መዋጥን አሻሽለው ነበር፤ በብረቱ የደረሰው ጉዳት ግን እጅግ ያነሰ ነበር። ሆኖም ስቴንት ዕጢውን አያጠፋም፤ ሊንሸራተት ወይም ምግብ ሊዘጋው ይችላል። በ2004 በ209 ሕሙማን ላይ የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ደግሞ ስቴንት ፈጥኖ እንደሚያስውጥ፣ በቧንቧው ውስጥ የሚሰጥ ጨረር ግን እፎይታው ረዘም ያለ እንደሆነ አሳየ።

ይህ ምርጫ ለእኛ ምን ትርጉም አለው? በአገራችን በሽታው በተለይ በአርሲና በባሌ በርክቶ ይታያል። የጨረር ሕክምና ግን ለረጅም ዓመታት ከአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውጭ አልነበረም። ስለዚህ የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ሊያስተምረን ይገባል። በቦሜት በሚገኘው የቴንዌክ ሆስፒታል ሐኪሞች የራጅ መሣሪያ ሳይጠብቁ፣ በኢንዶስኮፒ ብቻ እየተመሩ ስቴንት ለብዙ መቶ ሕሙማን አስገቡ፤ ውጤቱንም በ2009 አሳተሙ። ሥራው የተሠራው በገጠር ሆስፒታል፣ በሠለጠኑ እጆች ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። የመጀመሪያው ለእኛ ለመምህራን ነው፤ የምናሠለጥናቸው ሐኪሞች ይህን ሙያ በየአካባቢው ሆስፒታል ሊሠሩበት ይችላሉ። ሁለተኛው ለሁላችንም ነው፤ ቆጮ አልወርድ ያለው ሰው ገንፎ እስኪያቅተው አይጠብቅ፤ ፈጥኖ ይመርመር። ማዳን ባይቻል እንኳ፣ አባት ከልጆቹ ጋር ከአንድ ገበታ እንዲቆርስ ማድረግ ታላቅ ሕክምና ነው።