ዓለማየሁ እሸቴ እና ሕግ ያልፈቀዳት ሸክላ

ስለ ዓለማየሁ እሸቴ ፈረንጆች የጻፉትን ያነበበ ሰው «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» የሚለው ሐረግ ሳያጋጥመው አይቀርም። «ኤልቪስ» ያሉትም አሉ። ቅጽሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የፖሊስ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ሳለ የጠጉሩን አያያዝና አለባበሱን ከአሜሪካ ፊልሞች እንደ ቀዳ ራሱም አልደበቀም። የሶል ዘፋኞችን ጩኸትና ሲቃ አሳምሮ ያውቅበት ነበር። ይሁንና ቅጽሉ ሰውዬውን ይሸፍንብኛል፤ አስመሳይ ብቻ ያደርገዋል።

ታሪኩን ከሕጉ ብንጀምር ይሻላል። (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1960ዎቹ የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች በአዲስ ድምፅ ሲናጡ ያ ድምፅ በሸክላ የሚቀመጥበት መንገድ ጠባብ ነበር። ስንቱ ዜማ ከአዳራሹ ጢስ ጋር ተንኖ ቀርቶ ይሆን?

አምሃ እሸቴ የሙዚቃ መደብር የነበረው፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ወጣት ነበር። (የአባት ስማቸው ቢመሳሰልም ከዓለማየሁ ጋር ወንድማማች አይደሉም።) በ1969 ድንጋጌውን ተጋፍቶ «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ፤ የመጀመሪያዋን ሸክላም በዓለማየሁ ድምፅ አወጣ። የተፈራው ቅጣት አልመጣም። እስከ 1975 ድረስ ከአንድ መቶ በላይ ሸክላዎች ታተሙ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚያደምጠው ሙዚቃ ከፊሉ የተረፈው በዚህ ድፍረት ነው። ዓለማየሁም ቢሆን ድምፁን ለዚያ አደጋ ማዋሱን ቀላል አድርጌ አላየውም።

ከጎኑ ግርማ በየነ ነበር፤ ፒያኖ ተጫዋችና አቀናባሪ። ሁለቱ ቆየት ብለው በስማቸው «ዓለም ግርማ» የተሰኘ ባንድ መሠረቱ። የዓለማየሁን ሸክላዎች ባደመጥሁ ቁጥር ከጩኸቱ ይልቅ የሚገርመኝ ጩኸቱ መቼ እንዲቆም ማወቃቸው ነው፤ ነሐሶቹ ይመልሳሉ፣ እሱ ዝም ይላል፣ ከዚያ እንደ ገና በለሆሳስ ይጀምራል።

የ1974ቱ አብዮት የምሽቱን ሕይወት በሰዓት እላፊ ዘጋው። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ግርማም ኋላ በዚያው አገር ቀረ። ዓለማየሁ ግን አገሩ ሆኖ መዝፈኑን ቀጠለ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም አሮጌዎቹን ሸክላዎች ሲያሳትም ለዓለማየሁ 9ኛውንና 22ኛውን ቅጽ ሰጠው፤ ሸምግሎም በውጭ አገር መድረኮች ዘፈነ።

አገሩ ግን ጄምስ ብራውን ብሎ አላወቀውም። ለብዙዎቻችን ዓለማየሁ ከሁሉ አስቀድሞ የ«ተማር ልጄ» ዘፋኝ ነው። ያ ጠጉሩን አቁሞ የሚወራጭ ጎረምሳ እንደ አባት ተቀምጦ ስለ ትምህርት ሲመክር፣ ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆች የልባቸውን የሚነግርላቸው አገኙ። ሁለቱ ዓለማየሁዎች አይጣሉም፤ ድምፁ አንድ ነው።

አምሃ በሚያዝያ 2021 ዐረፈ። ዓለማየሁ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 2፣ በእኛ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በ80 ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ተከተለው።