የኤርትራ የዳያስፖራ ግብር እና የአስተናጋጅ አገሮች እርምጃ

የዳያስፖራ ግብር የኤርትራ መንግሥት በውጭ ከሚኖሩ ዜጎችና ትውልደ ኤርትራውያን ከገቢያቸው 2 በመቶ የሚሰበስበው ግብር ነው። ግብሩ ራሱ ያን ያህል ባላነጋገረ ነበር፤ አሜሪካም ባሕር ማዶ ያሉ ዜጎቿን ታስከፍላለች። ያወዛገበው አሰባሰቡ ነው። ፓስፖርት ለማሳደስ፣ ውክልና ለመላክ ወይም ውርስ ለማስጨረስ ቆንስላ የሄደ ሰው አስቀድሞ የግብር ክሊራንስ ይጠየቃል፤ አልከፍልም ያለ ደግሞ አገር ቤት ላሉት ዘመዶቹ ይሰጋል። አስመራ ግን ግብሩ በማስገደድ አይሰበሰብም፣ ገንዘቡም ለመልሶ ግንባታና ለሰማዕታት ቤተሰቦች ይውላል ትላለች።

የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2023፣ ኤርትራ በዛቻ፣ በማጭበርበርና በመሳሰሉት ሕገ ወጥ መንገዶች ግብር መሰብሰቧን እንድታቆም አዘዘ። በዚሁ ግብር ምክንያት ካናዳ በ2013 በቶሮንቶ የነበረውን የኤርትራ ቆንስል፣ ኔዘርላንድስ በ2018 የኤርትራ ኤምባሲን ጉዳይ ፈጻሚ አባረሩ። ዲፕሎማት ማባረር ቀላሉ ክፍል ነው። ክፍያው በዘመድ እጅ አስመራ ላይ ሲፈጸም፣ ቤተሰቡን የሚፈራ ሰውም ምስክርነት ሲሸሽ፣ ፖሊስ ክስ የሚመሠረትበት ማስረጃ ያጣል። የጸጥታው ምክር ቤት በኤርትራ ላይ የጣለው ማዕቀብ በኖቬምበር 2018 ተነሣ፤ ግብሩ ግን አልቀረም።