መቆም ሳይችል የሚራመድ መጫወቻ

በሁለት እግሩ የሚሄድ መሣሪያ መሥራት መሐንዲሶችን ለረጅም ዘመን ያደከመ ጉዳይ ነው። ጠረጴዛ አራት እግር አለው፤ ሁለት እግር ያለው ነገር ግን አንዱን ባነሣ ቁጥር ለመውደቅ የተሰናዳ ነው። ታዲያ ይህን ውድቀት እንደ ጠላት መከላከል ይሻላል ወይስ እንደ ረዳት መጠቀም?

በቅድሚያ የተመረጠው መከላከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጃፓን የዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኢቺሮ ካቶና ባልደረቦቻቸው ዋቦት-1 የተባለውን ሰው መሰል ሮቦት ሠሩ። እግሮቹ አንዲት እርምጃ ለመፈጸም 45 ሴኮንድ ያህል ይፈጅባቸው ነበር፤ የክብደቱ ማዕከል በቆመበት እግር መርገጫ ላይ በሚገባ ሳያርፍ ሌላው እግር አይነሣምና። በቤልግሬድ ደግሞ ሚዮሚር ቩኮብራቶቪች ዜሮ ሞመንት ነጥብ የሚባለውን ሐሳብ አቀረቡ። ይኸውም የክብደቱና የእንቅስቃሴው ኃይል ተደምሮ መሬቱን የሚያገኝበት ነጥብ ከመርገጫው ጠርዝ ካልወጣ እግሩ አይገለበጥም የሚል ነው። በዚህ ሒሳብ የተመራው የዋሴዳ ሮቦት በ1984 እርምጃውን ወደ 1.3 ሴኮንድ አወረደው። የሆንዳ ኩባንያም በ1986 በጀመረው ምርምር በ1996 ቁመቱ 182 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 210 ኪሎ ግራም የሆነ ሮቦት፣ በ2000 ደግሞ አሲሞን ለሕዝብ አሳየ።

በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ተከተሉ። በ2002 በጃፓን ሮቦ-ዋን የተባለ የሁለት እግር ሮቦቶች ውድድር ተጀመረ፤ በ2004 ደግሞ 17 ሰርቮ ሞተሮች ያሉት የኮንዶ ኩባንያ መገጣጠሚያ ለገበያ ቀረበ። ሰርቮ ሞተር በሬዲዮ የሚመሩ የአውሮፕላን ሞዴሎችን መሪ ለማዞር ያገለግል የነበረ ዕቃ ነው፤ በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ በሚደርሰው አጭር የኤሌክትሪክ ምልክት የታዘዘውን ማዕዘን ይይዛል። እነዚህ ትናንሽ ሮቦቶች በአብዛኛው መርገጫቸው ሰፊ ነው፤ ሸክም እንደከበደው ሰውም ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው ይሄዳሉ። ጉልበቱ ፈጽሞ ከተዘረጋ ቁመቱን የማስተካከያ መላ አይኖርምና።

ሌላው መልስ በዕድሜ የቀደመ ቢሆንም ለብዙ ጊዜ እንደ ልጆች ጨዋታ ብቻ ታይቷል። በ1888 ጆርጅ ፋሊስ የተባለ አሜሪካዊ ያለ ሞተር ቁልቁለት የሚወርድ መጫወቻ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ታድ ማክጊር እግሮች ያለ ሞተርና ያለ ኮምፒዩተር በስበት ብቻ ተዳፋት ሊወርዱ እንደሚችሉ በሒሳብም በሥራም አስረዳ። የአውሮፕላን ትምህርት የነበረው ይህ ሰው የራይት ወንድማማቾችን ምሳሌ ይጠቅስ ነበር፤ እነርሱ ሞተር ከመግጠማቸው በፊት ያለ ሞተር መንሳፈፍን ተምረዋልና። ሆኖም መሣሪያው ወደ ጎን እንዳይወድቅ እግሮቹ ጥንድ ጥንድ ስለ ነበሩ የጎኑ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

በ1998 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ማይክል ኮልማንና አንዲ ሩይና ከልጆች የእንጨት መገጣጠሚያ ባለ ሁለት እግር መጫወቻ ሠሩ፤ በግራና በቀኝ በተዘረጉ ዘንጎች ላይም የብረት ክብደት ሰቀሉለት። መጫወቻው በየትኛውም አኳኋን ቢያቆሙት ይወድቃል፤ ተዳፋት ላይ ሲለቁት ግን እየተወዛወዘ ሳይወድቅ ይራመዳል። የኮምፒዩተር ስሌታቸው ይህን መረጋጋት አስቀድሞ አላመለከተም ነበር። ሁለቱ ሰዎች ስሌቱን ከሥራው ጋር ለማስማማት ሳይሞክሩ አለመስማማቱን በግልጽ ጽፈው አሳተሙት፤ ለሙያው ከመጫወቻው ያላነሰ ውለታ ነው።

በዚህ መንገድ የቀጠሉ የኮርኔል ተመራማሪዎች በ2005 በደልዳላ መሬት የሚሄድ ሮቦት አቀረቡ። ለክብደቱና ለተጓዘው ርቀት ያጠፋው ጉልበት ከሰው ጋር የሚተካከል፣ 0.2 ያህል ሲሆን የአሲሞ ግን 3.2 እንደሚደርስ ተገመተ። እርግጥ ነው፣ አሲሞ ደረጃ ይወጣና ይዞር ነበር፤ የኮርኔሉ ወደ ፊት ከመሄድ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። የ1998ቱ መጫወቻማ ጨርሶ ባትሪ አልነበረውም፤ የሚሻው ዘንበል ያለ ሳንቃና፣ መቆም ስለማይችል፣ ከታች የሚቀበለው እጅ ነበር።