ወር በወር ሒሳብ የሚጠየቅበት ጉባኤ

የንግድ መሪዎች ጉባኤ ሲባል ዛሬ ለብዙ ሰው የሚታየው ባንዲራ የተደረደረበት አዳራሽ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ባጅና ከምሳ በኋላ የሚነበብ የአቋም መግለጫ ነው። ርዕሱም ያው ነው፤ አገራችን በዓለም ገበያ ተወዳዳሪ እንድትሆን ምን ይደረግ? መግለጫው ከተነበበ በኋላ ማን ምን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ ስለማይኖር፣ ጉባኤ ወሬ ነው የሚለው ፍርድ ይከተላል። ፍርዱ በአብዛኛው ትክክል ነው። ሆኖም ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ከ1965 እስከ 1979 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በየወሩ የተካሄደ አንድ ስብሰባ ከዚህ ፍርድ ያመልጣል። ያመለጠው በንግግሩ ጥራት አይደለም፤ የሚነገረውን ነገር በወሩ ተመልሶ የሚጠይቅ ስለነበረ ነው።

የመንግሥትና የነጋዴው ግንኙነት የጀመረው በወዳጅነት አልነበረም። በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ ወንበራቸው ሳይሞቅ ታላላቅ ነጋዴዎችን ያለአግባብ በልጽገዋል ብለው አሰሩ። የሳምሰንግ መሥራች ሊ ብዮንግ ቹል በወቅቱ ቶኪዮ ስለነበሩ ከእስሩ ተረፉ፤ ተመልሰው ከፓርክ ጋር ተነጋገሩ፤ ነጋዴዎቹም ፋብሪካ ሊያቆሙ ተስማምተው ተፈቱ። በዚያው ዓመት ማኅበር ሲመሠርቱ የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሊ ሆኑ። አገሪቱ ያኔ በአሜሪካ እርዳታ የምትኖር ደሃ ነበረች፤ በ1960 የወጪ ንግዷ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ፓርክ ራሳቸው ይቀመጣሉ፤ በአሥራ አምስቱ ዓመት ውስጥ የቀሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሚኒስትሮች፣ የባንክ ኃላፊዎች፣ የላኪዎች ማኅበራትና የኩባንያ ባለቤቶች አብረዋቸው አሉ። በቅድሚያ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ያለፈውን ወር ሒሳብ ያቀርባል፦ የትኛው ዕቃ ወደ የትኛው አገር በስንት ዶላር ሄደ፤ ከዕቅዱስ ምን ያህል ጎደለ። ዕቅዱ “ኤክስፖርት ይደግ” በሚል ጥቅል ምኞት የተተወ ሳይሆን በዕቃና በአገር ተሸንሽኖ እስከ ኩባንያ የሚወርድ ነበር። ከዚያ ላኪው ይናገራል። ጥሬ ዕቃው ጉምሩክ ከተያዘበት፣ ብድሩ ከተጓተተበት፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስትር እዚያው ተቀምጦ ይሰማል፤ መልሱንም ፕሬዚዳንቱ ፊት ይሰጣል። “በሚመለከተው አካል ይታያል” የሚለው የቢሮ መልስ እዚህ አያዋጣም፤ በሚቀጥለው ወር ያው ላኪ፣ ያው ሚኒስትርና ያው ሰንጠረዥ እንደገና ይገናኛሉና።

ስብሰባው ባዶ እጁንም አልነበረም። በ1964 የአንድ ዶላር ዋጋ ከ130 ዎን ወደ 255 ዎን ከፍ ስላለ ወደ ውጭ መሸጥ ማዋጣት ጀምሯል። በ1965 የወለድ ተመኑ ሲሻሻል ተራው ተበዳሪ እስከ 26 በመቶ ሲጠየቅ ላኪው 6.5 በመቶ ብቻ ይከፍል ነበር፤ የውጭ ገዢ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ከከፈተለት ባንኩ ብዙ ሳያመላልሰው ያበድረዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የብክነቱ ነገር ነው። ተሰፍቶ ለሚላክ ልብስ የሚገባው ጨርቅ ከቀረጥ ነፃ ሲሆን፣ ለብክነት እየተባለ የሚፈቀደው ተጨማሪ መጠን በእርግጥ ከሚባክነው ይበልጥ ነበር። የተረፈውን ላኪው አገር ውስጥ በጥሩ ዋጋ ይሸጠዋል። ባለሥልጣናቱ ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ እያወቁ ዝም ያሉት ድጎማ ነበር። በምላሹ ላኪው ውጤት ማሳየት ነበረበት፤ ያልላከ ሰው ርካሹን ብድር ብቻ ሳይሆን የአስመጪነት ፈቃዱንም ሊያጣ ይችላል። በኖቬምበር 1964 መጨረሻ 100 ሚሊዮን ዶላር የደረሰው የዓመቱ ወጪ ንግድ በ1977 10 ቢሊዮን ዶላር ሞላ።

ይህ ሁሉ የስብሰባ ሳይሆን የአምባገነን ሥራ ነው የሚል ሰው ቀላል የማይባል ክርክር አለው። ሚኒስትሩ የሚፈራው ሰንጠረዡን ሳይሆን ጄኔራሉን ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ዓለም በጄኔራሎች ሞልታ ነበር፤ ከፍርሃት ኤክስፖርት የሚወለድ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ዓለም ኮሪያ በሆነ ነበር። ሌሎች ደግሞ ዕድሏ ነው ይላሉ፦ የአሜሪካ ገበያ ክፍት ነበር፣ የቬትናም ጦርነት ገንዘብ አመጣ፣ በ1965 ከጃፓን ጋር ሲታረቁ 300 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ፣ 200 ሚሊዮን በብድር ተገኘ። እውነት ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ከኮሚኒስት እስያ የመጣ ፀጉር እንዳይገባ ስትከለክል የኮሪያ ዊግ ሠሪዎች ሰፊ ገበያ ተከፈተላቸው፤ በ1970 ዊግ ከልብስና ከኮምፔንሳቶ ቀጥሎ የሚጠራ የኤክስፖርት ዕቃ ሆነ። ዕድል መጣ፤ ዕድሉ በመጣ ጊዜ ግን ብድሩ፣ ጥሬ ዕቃውና የገበያ መረጃው ተዘጋጅቶ ነበር።

እኛም ሞክረነዋል። ኢትዮጵያ በጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመራ ብሔራዊ የወጪ ንግድ ኮሚቴ አቋቁማ በየጊዜው ስትገመግም የምሥራቅ እስያው አርአያነት ግልጽ ነበር። ሆኖም ወጪ ንግዱ በ2010ዎቹ 3 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ላይ ለዓመታት ቆመ። ስብሰባው ተቀዳ፤ የምንዛሬ ተመኑ ግን አልተቀዳም። ብር ከአቅሙ በላይ ተወዶ፣ አገር ውስጥ መሸጥ ከመላክ ይልቅ እያተረፈ፣ ላኪውን በወር አንድ ጊዜ መጠየቅ ብቻውን የት ያደርስ ነበር?

የኮሪያው ስብሰባ ትልቁ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። የተፈታው በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ችግር ነው፤ ሠራተኛው እዚያ ወንበር አልነበረውም። በኖቬምበር 1970 ቾን ቴ ኢል የተባለ የ22 ዓመት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ የሥራ ሕጉ ይከበር እያለ ሴኡል ውስጥ ራሱን አቃጠለ። በ1979 ዋይ ኤች የተባለው ዊግ አምራች ሲዘጋ ሴት ሠራተኞቹ በተቃዋሚው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተቀመጡ፤ ፖሊስ በኃይል ሲያስወጣቸው አንዲት ሠራተኛ ሞተች። ድርጊቱን ያወገዙት የፓርቲው መሪ ኪም ዮንግ ሳም ከምክር ቤት ተባረሩ፤ ቡሳንና ማሳን በተቃውሞ ታመሱ፤ በኦክቶበር 26 ፓርክ በራሳቸው የስለላ ሹም ተገደሉ።

የርካሽ ጉልበት ተሟጋቾች ይህን ሁሉ የውድድር ዋጋ ነው ይሉታል፤ ደመወዝ ከፍ ቢል ኖሮ ገበያው ለሌላ ይሄድ ነበር ይላሉ። ለዚህ መልሱን የሰጠው 1987 ነው። በዚያ ክረምት በሺዎች የሚቆጠሩ አድማዎች ተነሡ፤ የሠራተኛ ማኅበራት በረከቱ፤ ደመወዝ በተከታታይ ዓመታት ከአሥር በመቶ በላይ ጨመረ። ወጪ ንግዱ ለጥቂት ጊዜ ቀዘቀዘ እንጂ አልወደቀም፤ ኩባንያዎቹ ከልብስና ከጫማ ወደ መኪናና ቺፕ መሸጋገራቸውን አፋጠኑ፤ በ1988 60 ቢሊዮን ዶላር የነበረው በ1995 ከ100 ቢሊዮን አለፈ።